እናቴ አሥመራ ላይ ስንዴ በወርቅ ትሸጥ ነበር፤ ልጠይቃት ወይስ ልተወው?

የጎዳይፍ ልጅ (አዳማ)፣ የካቲት 9 ቀን 2011

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ይረዝማል። ትዕግሥት የሌለው ወደ መጨረሻዋ አንቀጽ ይለፍ፤ ጥያቄዬ እዚያ ነው ያለው።

የተወለድኩት አሥመራ፣ ጎዳይፍ ነው፤ ከአየር ማረፊያው ብዙም በማይርቅ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ። አባቴ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ሲሆን ምድቡ ስንቅ ግምጃ ቤት ነበር። ሻዕቢያ ግንቦት 16 ቀን 1983 ከተማዋን ሲይዝ አሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ከሠራዊቱ ጋር በከረን መንገድ ወደ ሱዳን እንደወጣ ቀረ። እኛን ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሌሎች የወታደር ቤተሰቦች ጋር በጭነት መኪና ጭነው በዛላምበሳ በኩል አስወጡን። ዓዲግራት፣ መቀሌ፣ አዲስ አበባ እያልን ናዝሬት ደረስን፤ አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። የመጀመሪያውን ክረምት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ አንሶላ ወጥረን ከሌላው ቤተሰብ በተለየንበት ጥግ አሳለፍነው።

በቤታችን ስለ አሥመራ የሚነገረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ «የለበስነውን ብቻ ይዘን ወጣን»። ሁለተኛው፣ «በዚያ የረሃብ ዘመን ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ጎረቤት አበላሁ፤ እነሱ ግን ስንባረር በራቸውን ዘጉብን»። እናቴ ይህን ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም። ቡና እየቆላች፣ እንደ ዳዊት ድጋም፣ አንድም ቃል ሳትለውጥ ትለዋለች።

የረሃብ ዘመን የምትለው ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘች በኋላ ያለውን ነው። ወደቡ ሲሄድ አሥመራ ተከበበች፤ ለአሥራ አምስት ወር ያህል እህሉም ጥይቱም የሚገባው በአውሮፕላን ሆነ። እኛ ልጆቹ አንቶኖቭ ሲመጣ በድምፁ እናውቀው ነበር። አየር ማረፊያው በመድፍ ሲመታ ደግሞ አልጋ ሥር ገብተን እንቆጥራለን፤ ቁጥር ያልሳተ ያሸንፋል። ያንን ጊዜ በናፍቆት ነው የማስታውሰው ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

በረራው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ሲጀመር አዳማ ውስጥ የማውቃቸው የአሥመራ ልጆች በሙሉ ቲኬት ቤት ተሰለፉ። እኔ ግን ስድስት ወር አመነታሁ። በመኪና እሄዳለሁ እያልኩ ሳስብ መስከረም 1 የተከፈተው የዛላምበሳ መንገድ ታኅሣሥ ላይ መልሶ ተዘጋ፤ በጥር በአውሮፕላን ሄድኩ። እናቴን «አብረን እንሂድ» ብላት «እዚያ ምን ቀረኝ?» አለች። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ግን በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጥሬ ቡናውን ቋጥራ መጣች። ቡናው ብቻ አምስት ኪሎ።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ?»

«አደይ በሕይወት ካለች ለእሷ።»

በር ዘጋችብን ለምትላት ሴት አምስት ኪሎ ቡና! ነገሩ ቢገርመኝም ዝም አልኩ።

ግቢው አለ። ቧንቧው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶ ተደፍኖበታል። አደይ (ስማቸውን አልጽፍም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ አደይ ነበር የሚላቸው) ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የሃምሳ አለቃው ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱና «ወደይ» (ልጄ) ብለው አለቀሱ። እኔም ያው። ቡናውን ሳቀብላቸው ፌስታሉን በአንድ እጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት፤ ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«እናትህ ዛሬም በኪሎ ነው የምትሰጠኝ?» አሉና ሳቁ።

አልገባኝም። ሴት ልጃቸው በትግርኛ ልታስቆማቸው ሞከረች፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። አባቴ ማታ ማታ ከካፖርቱ ሥር፣ አንዳንዴም በከረጢት፣ ስንዴ ያመጣ ነበር። እናቴ ለግቢው ትሸጠዋለች። ብር አትቀበልም፤ በዚያ ጊዜ ብር ምን ይገዛል? አደይ የሠርግ ወርቃቸውን አወጡ። መጀመሪያ ድሪውን፣ ቀጥሎ ቀለበቱን፣ በመጨረሻ አንድ ጉትቻ፤ ጉትቻው ለሩብ ኩንታል። «ሁለተኛዋን ለሚቀጥለው ብለን አስቀመጥናት። የሚቀጥለው ሳይመጣ ልጆቹ ገቡ» አሉኝ። ልጆቹ የሚሉት ታጋዮቹን ነው።

ከብብታቸው የመሐረብ ቋጠሮ አወጡና ፈቱት። ጉትቻዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ቀጭን የወርቅ ክር እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ነው የተሠራችው፤ ከታችዋ ሦስት ፍሬዎች ይንጠለጠሉ ነበር፣ አንዷ ረግፋ ሁለት ቀርተዋል። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍና የሰማዕትነት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ እኔ ሳልወለድ ሜዳ የወጣ። «ስንዴውን ስንበላ ይሄ ደቀመሐሪ ግንባር ነበር» አሉ።

ስለ በሩ እኔ አልጠየቅሁም፤ ራሳቸው አነሱት። «እናትህ ልትሰናበተኝ ስትመጣ አልከፈትኩላትም። በዚያ ሳምንት ነው ጓደኞቹ ገብተው መርዶውን ያረዱኝ። ስለ ወርቁ አልነበረም። ስለ ወርቁማ በልተናል፣ ዕዳ የለብንም።»

እናቴ አሁን ሰባ ልትደፍን ነው፤ ደም ግፊትም አለባት። አዳማ ላይ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ አሳድጋናለች፤ ሌላ ሰው በድላ አላየሁም። ከመጣሁ አንድ ወር ሆነኝ፤ «አደይ ደህና ናት?» ስትለኝ «ደህና ናቸው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። ልጠይቃት ወይስ ልተወው?

---

ነፋሻማዋ፣ የካቲት 9

ወንድሜ፣ ተወው። ሁለት ልጅ ይዛ፣ በላይዋ መድፍ እየተተኮሰ፣ ባሏ ነገ ይሙት ይኑር ሳታውቅ የኖረችን ሴት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሂሳብ ልትጠይቃት? እሷ ባታደርገው አንተ ዛሬ ይህን አትጽፍም ነበር። አሮጊቷ እንኳ ዕዳ የለብንም ብለዋል። አንተ ከማን በልጠህ ነው?

ልብ አድርግ፣ የካቲት 10

እኔ ደግሞ ታሪኩን ከመቀበሌ በፊት ጥያቄ አለኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ነው የሚናገሩት። ልጃቸውን የቀበሩበት ጦርነት ነው፤ አባትህ በሌላው ወገን ነበር። በክፋት ዋሹ አላልኩም፤ ሰው ግን ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይፈልጋል። ደግሞም ስንቅ ግምጃ ቤት በቆጠራ የሚሠራ ቦታ ነው። ሚዛን አለ፣ መዝገብ አለ፣ ፊርማ አለ። በዚያ ላይ በከበባ ጊዜ! እህል የሰረቀ ሃምሳ አለቃ በማግስቱ የት እንደሚቆም የታወቀ ነው።

ኮቾሮ (አሰላ)፣ የካቲት 10

በስሜ ከመጠራት ኮቾሮ በሉኝ፤ ያኔ የበላሁት እሱን ነው። ለወጣቶቹ ላስረዳ፦ ኮቾሮ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው። ጥርስ ይሰብራል፤ ሻይ ውስጥ ካልዘፈቅኸው አይበላም፤ ሻይ ደግሞ አልነበረም።

በ1981 በብሔራዊ ውትድርና ከአርሲ ተወሰድኩ። 1983ን የከረምኩት ደቀመሐሪ ግንባር ምሽግ ውስጥ ነው፤ ከአሥመራ 40 ኪሎ ሜትር። ለአንድ ሰው የሚታደለው ለሁለት ሆነ፣ ኋላ ለሦስት። ጋሜላዬን፣ የምግብ ዕቃዬን፣ ከልቤ ላይ አሳድሬ ነበር የምተኛው፣ እንዳይሰረቅ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ከጥይት በፊት በተቅማጥ አለቀ።

አቶ ልብ አድርግ፣ መዝገብ አለ ላልከው እኔ ልንገርህ። ጆንያ ከአውሮፕላን ሲወርድ ይቀደዳል። የተቀደደው «የፈሰሰ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ፊርማ ይፈረምበታል። ጆንያው በራሱ የተቀደደ ይሁን በሰው ቢላዋ መዝገቡ አይናገርም። ግንባር ላይ ሆነን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከተማ ውስጥ ያለው ስንቀኛ እንደሚወፍር፣ እኛ እንደምንከሳ እናውቅ ነበር።

እና ልጄ፣ አንተና አንባቢህ የአሮጊቷ ወርቅ ይመለስ አይመለስ ትላላችሁ። ከወርቁ በፊት ስንዴው የማን እንደነበር ጠይቁ። የእኔ ነበር። አሮጊቷም በልጃቸው ፊት ለፊት የተኛሁትን የእኔን ስንዴ በልተዋል፣ እናትህም ሸጣዋለች፣ አንተም በልተሃል። አልቋል።

ነፋሻማዋ፣ የካቲት 10

ጋሼ፣ የደረሰብዎት ያሳዝናል፤ ግን ይህ ልጅ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር።

ኮቾሮ፣ የካቲት 10

እኔም ሃያ ሁለት ነበርኩ።

---

የጎዳይፍ ልጅ፣ የካቲት 12

ጋሼ ኮቾሮ፣ ለሁለት ቀን ምን ብዬ እንደምመልስልዎት ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት። አሁንም መልስ የለኝም። አንብቤዋለሁ፤ ለእህቴም አነበብኩላት።

ልብ አድርግ፣ «ሊዋሹ ይችላሉ» ያልከውን መጀመሪያ ወድጄው ነበር። አልዋሽህም፣ ለአንድ ሌሊት ሙሉ በደስታ ተኛሁ። ጠዋት ግን ሳላስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በ1984 መጀመሪያ ይመስለኛል፣ ከአዳራሹ ልንወጣ ስንል፣ እናቴ ፖስታ ቤት አካባቢ ወደነበረ አንድ ወርቅ ቤት ይዛኝ ሄዳለች። የማስታውሰው ሚዛኑን ነው፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለች፣ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሳት ዓይነት። ሰውየው አንዲት ጉትቻ በወረንጦ አንሥቶ እያገላበጠ «ጓደኛዋ የት አለች?» አላት። እናቴም «አሥመራ ቀረች» አለችው። እኔ ስንወጣ ጠፍታባት መስሎኝ በጣም አዘንኩላት። መንገድ ላይ እጇን ይዤ «እማዬ፣ ስናድግ ሌላ እንገዛልሻለን» ብያት ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም። በዚያ ገንዘብ የኮልፌ ምጣድና ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዛች፤ ሥራዋ የተጀመረው እንደዚያ ነው።

«የለበስነውን ብቻ ይዘን ወጣን» የሚለውን ከዚያ ቀን በኋላም ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። ጉትቻዋን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ሁለቱን ነገር ግን አንድም ቀን አገናኝቼ አላውቅም።

ከናዝሬት የወጣሁ፣ የካቲት 13

ይህን ክር ከሩቅ አገር ሆኜ ሳነብ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ የተገላቢጦሹ ነኝ። የተወለድኩት እዚያው እናንተ ከተማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረበትን ቤት በ1991፣ በሌሊት፣ በአንድ ሻንጣ ለቀቅን፤ ያኔ በሁለቱ ዓመት ጦርነት ከኢትዮጵያ ከተባረሩት ወደ 75 ሺህ ሰዎች አምስቱ እኛ ነን። በአውቶቡስ ቡሬ ድረስ ወስደው በእግር ወደ አሰብ አሻገሩን። ትግርኛ አልችልም ነበር። እዚያ ስደርስ «አምቼ» ተባልኩ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ኤርትራዊ ማለት ነው። እዚህ ኤርትራዊት፣ እዚያ አምቼ።

የእኛም ጎረቤት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። ፍሪጃችንን፣ የእናቴን የልብስ ስፌት መኪና፣ የቤቱን ቁልፍ እሳቸው ጋ ትተን ሄድን። ባለፈው ሐምሌ ስልክ ሲከፈት የድሮ ቁጥራቸውን መታሁት፤ ልጃቸው አነሣች። እማማ ሞተዋል። «የእናትሽን ሲንጀር እማዬ በ1992 ሸጠችው፤ ለእኔ ኮሌጅ መግቢያ ነው። ንስሐ ገብታበታለች» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ በመኪናው አይደለም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ «እማማ እንዲህ አታደርግም፣ አስቀምጣልኛለች» ስትል ነበር።

እኔ ብሆን እጠይቃታለሁ። ለአደይ ብዬ አይደለም። እናትህ ለሃያ ስምንት ዓመት ያንን ብቻዋን ተሸክማ ቡና ስትቆላ ኖራለች። አምስት ኪሎ ያስቋጠራት ምን ይመስልሃል?

የባሕሩ በር፣ የካቲት 13

ዋናው ጥያቄ ይህ ሁሉ መከራ የመጣው ወደባችንን አሳልፈው የሰጡት

የመድረኩ አስተባባሪ፣ የካቲት 13

የቀረውን አሥር አንቀጽ አንሥቼዋለሁ። የወደብ ክርክር የራሱ ክር አለው፤ እዚያ በሰፊው ተጨቃጨቁ። እዚህ ስለ አንዲት ጉትቻ ነው የምንነጋገረው።

አንጥረኛው (አዳማ)፣ የካቲት 14

ስለ ሙያው ትንሽ ልበል። ያቺ የገለጽካት ሥራ የወርቅ ክር ሥራ ትባላለች፤ አሥመራ ውስጥ ጥሩ አድርገው ይሠሯት ነበር። ክሯ በጣም ቀጭን ስለሆነች ፍሬዎቹ በብየዳ ነው የሚያዙት፤ ሲያረጅ የሚለቀው እሱ ነው። ነጠላ ጉትቻ ወርቅ ቤት ስትመጣ ዕጣዋ አንድ ነው፤ ትቀልጣለች። ብየዳው ይቀነሳል፣ የእጅ ዋጋ አይታሰብም፣ በግራም ብቻ ይከፈላል። ስለዚህ እናትህ ያገኘችው ከዋጋዋ በታች ነው፤ አደይም ያገኙት ከዋጋዋ በታች ነው። በጦርነት ጊዜ የወርቅ ንግድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አባቴም አጎቴም በዚህ ሙያ ስለኖሩ ብዙ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ አንተ። ገንዘብ እልካለሁ ብለህ አታስብ፤ የዚያን ጊዜውን ብር በዛሬ መንዝረህ አትዘልቀውም። የጉትቻዋን ፎቶግራፍ ከፊትም ከጎንም አምጣልኝ፣ ከተቻለ ከአንድ ሳንቲም አጠገብ አስቀምጠህ፤ መጠኗ ይታወቃል። ጓደኛዋን እሠራታለሁ። የወርቁን ትከፍላለህ፣ የእጅ አልቀበልህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ባለ ሦስት ፍሬ ትሁን ወይስ ባለ ሁለት? ሦስት ካደረግኋት ከአሮጌዋ ጋር አትገጥምም፤ ሁለት ካደረግኋት ደግሞ ጎዶሎ ሠራሁ ማለት ነው።

ልብ አድርግ፣ የካቲት 14

የወርቅ ቤቱን ነገር ካነበብኩ በኋላ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ባለ ሦስት ትሁን፤ አሮጌዋም ትጠገን።

ኮቾሮ፣ የካቲት 15

ያን ቀን በቁጣ ነው የጻፍኩት። የጻፍኩትን ግን አላነሣም፤ እውነት ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ግንባሩ ሲሰበር እኔም በከረን መንገድ ወጣሁ። አባትህ የወጣበት መንገድ ነው። ከከረን በኋላ ውኃ አልነበረም። መኪና ያለው በመኪና፣ የሌለው በእግሩ፤ ማዕረግ የለም፣ ክፍል የለም። አንድ ቀን፣ የቱ ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ጎልማሳ የበታች ሹም ከኮዳው ሁለት ጉንጭ አጠጣኝ። የስንቅ ሰው ይሁን የመድፈኛ አልጠየቅኩትም። ካሳላ ስንደርስ አላየሁትም። አባትህ ነው እያልኩህ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ እንደሱ ያለ ሃምሳ አለቃ በሺህ ይቆጠር ነበር። ግን እንዲያው ካንተ ጋር መጻጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሰውየው ትዝ እያለኝ ነው።

እናትህን ጠይቃት። ስትጠይቃት ግን ተቀምጠህ ጠይቃት፤ ቆመህ እንደ መርማሪ አይደለም።

---

የጎዳይፍ ልጅ፣ የካቲት 18

ትናንት እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ቡና አቀረበች። ጋሼ እንዳሉት ተቀመጥኩ፤ ሲኒውንም ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አጠብኩላት፣ ምክንያቱም እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነበር። ልጠይቃት አልቻልኩም። እንዲሁ ወሬ ለማንሣት ያህል፣

«አደይ ቡናውን በእጃቸው መዘኑት» አልኳት።

መቁያው ላይ የነበረው እጇ ቆመ። ቡናው መጨስ እስኪጀምር ድረስ አላነቃነቀችውም። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣

«ያቺን አንዷን ሸጠቻት?» አለችኝ።

«አልሸጧትም። አሳይተውኛል።»

«ፍሬዋ ሙሉ ነው?»

«አንዷ ረግፋለች።»

«የእኔዋ ሙሉ ነበረች» አለች።

የእኔዋ አለች። ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ ራሷ ነገረችኝ፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም። አባቴ ስንዴውን ሲያመጣ ለልጆች ብሎ እንጂ ለገበያ እንዳልነበረ፣ መሸጡን ሲሰማ ሁለት ሳምንት እንዳላናገራት፣ ዋጋውን የቆረጠችው እሷ ራሷ እንደሆነች። «ሩብ ኩንታል አልኳት እንጂ ሃያ ኪሎ አይሞላም ነበር፤ ጆንያውን አራግፌ ነው የሰጠኋት። አውቃለች። ቆማ እያየችኝ ነበር።» ስለ ጋሼ ኮቾሮ ስነግራት «ደቀመሐሪ?» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ስለ እሱ ምንም አልተናገረችም። ቀኑን ሙሉ ግን «አሰላ ነው ያልከኝ? ልጆች አሉት?» እያለች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

አንጥረኛው ወንድሜ፣ ፎቶግራፉን የአደይ ልጅ ትልክልኛለች፤ ባለ ሦስት ፍሬ ትሁን። ወርቁን እኔና እህቴ እንከፍላለን ብለን ነበር፤ እናቴ ከእንጀራው ነው የምከፍለው ብላ አሻፈረኝ አለች።

ማታ ልተኛ ስል መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆማ፣

«ስንት ኪሎ ነበር የላክነው?» አለች።

«አምስት።»

«ለፋሲካ አሥር አድርገው።»

አንጥረኛው፣ የካቲት 18

ከጎንም እንዲያነሷት እንዳትረሳ።

ኮቾሮ፣ የካቲት 19

አሥር ኪሎ ለአንድ አሮጊት ይበዛል። ግማሽ ኪሎ ለእኔ አስቀሩልኝ። በመጋቢት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሳልፍ አዳማ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ በላት።